ከመካ ማተሚያ ቤት እስከ ስልካችን፦ «አረብኛ – ሳዑዲ ዓረቢያ» የሚለው ሴቲንግ እንዴት እንደተሠራ

አዲስ ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቋንቋና አገር ነው። ብዙ ሰው ጥያቄውን ሳያነበው ነክቶ ያልፋል። ጅዳ ውስጥ አል-በለድ ከሚባለው አሮጌ ገበያ ስልክ የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ግን «አረብኛ – ሳዑዲ ዓረቢያ» ተብሎ የተዘጋጀ ሊደርሰው ይችላል። በ2024 መጀመሪያ የገዛ ሰው ቀኑን ሲያይ ዓመቱ 1445 ነው፤ ቁጥሩም በአረብኛ አኃዝ ተጽፏል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው እንኳ፣ አገሩ ሳዑዲ እስከሆነ ድረስ አንዳንዱ አፕሊኬሽን ያንኑ ዘመን ይዞ ይቀጥላል።

ስልኩ አልተበላሸም። ከዚያች አንዲት መስመር ጀርባ የመካ ጋዜጣ፣ በጅዳ በኩል ያለፈ አውሮፕላን፣ የኩዌት ስም የወጣለት ስሌትና የነገሥታት አዋጅ አሉ። ፕሮግራመሮች «ሎኬል» የሚሉት የአገር ልማድ ተሰድሮ ለማሽን የሚሰጥበት መዝገብ ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ አኃዝ፣ የገንዘብ ምልክት፣ የሳምንት ዕረፍት። ልማድ ግን በራሱ እግር ሄዶ እዚያ መዝገብ ውስጥ አይገባም። የሚገባው አንድ ቢሮ ጽፎ፣ አትሞ፣ ማኅተም ያሳረፈበት ነው። የራሳችን ዘመንና የራሳችን ሰዓት ላለን ለእኛ ይህ የሳዑዲ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የሂጅራ ሲሆን እጠቅሳለሁ።)

1924–1953፦ ጨረቃን የማይጠብቅ መቁጠሪያ

የአብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ ሠራዊት መካ የገባው በኦክቶበር 1924 ነው። በዲሴምበር እዚያው መካ «ኡሙል ቁራ» የተባለ ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ስሙ ከከተማዪቱ የክብር መጠሪያዎች አንዱ ነው። ጋዜጣው አዋጅና ደንብ የሚወጣበት የመንግሥት ልሳን ሆነ፣ እስከ ዛሬም ነው። ጅዳ እጇን የሰጠችው ከዓመት በኋላ፣ በ1925 መጨረሻ ነበር።

አዲሱ መንግሥት የጥንት ችግር ወረሰ። የሂጅራ ወር ወይ 29 ወይ 30 ቀን ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በ29ኛው ቀን ማታ ወደ ምዕራብ ተመልክቶ ቀጭኗ ጨረቃ መታየት አለመታየቷን በማረጋገጥ ነው። ለጾምና ለሐጅ ሥርዓቱ ይኸው ስለሆነ ማንም አያማርርም። ደሞዝ ለሚከፍል መሥሪያ ቤት፣ ቀጠሮ ለሚሰጥ ዳኛ፣ ውል ለሚዋዋል ነጋዴ ግን የሚቀጥለው ወር ነገ ይግባ ከነገ ወዲያ ሳያውቁ ማምሸት አይመችም። ስለዚህ መንግሥት አስቀድሞ በስሌት የተሠራ መቁጠሪያ ማሳተም ያዘ። እሱም የጋዜጣውን ስም ይዞ የኡሙል ቁራ አቆጣጠር ተባለ።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በሁለት ሐዲድ ትሄዳለች። የረመዳን፣ የሸዋልና የዙልሒጃ መባቻ ዛሬም በዓይን ምስክር ይጸናል፤ ቢሮው ግን በታተመው ይሠራል። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ በአንድ ቀን ይለያያሉ። ይህች አንድ ቀን ኋላ ላይ ስንት ፕሮግራመር እንቅልፍ እንደነሳች እናያለን።

በዚያ ዘመን ለእንግዳ ቋንቋ የተጨነቀው ማሽን ሳይሆን ወረቀት ነበር። የሳዑዲ የገንዘብ ባለሥልጣን በ1952 ጅዳ ላይ ተቋቋመ። አገሪቱ እስከዚያ የምትገበያየው በብርና በወርቅ መሐለቅ ስለነበር፣ ሐጃጁ ከባድ ሳንቲም ተሸክሞ ይዞር ነበር። ባለሥልጣኑ በ1953 «የሐጃጆች ደረሰኝ» የሚባል ባለ 10 ሪያል ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ከአረብኛው ሌላ በፋርስኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በኡርዱ፣ በቱርክኛና በማላይኛ ተጽፎበታል። በስሙ ደረሰኝ ነው፤ ሰዉ ግን እንደ ገንዘብ ተቀበለው፣ የወረቀት ሪያልም መንገዱን ያገኘው በዚሁ ነው። በቀይ ባሕር ማዶ ያለው የእኛ ቋንቋ ከዝርዝሩ አልገባም።

1947–1968፦ ጅዳና ሁለት ዓይነት ሰዓቷ

የሰዓቱ ነገር ከዘመን አቆጣጠሩ የባሰ የተወሳሰበ ነበር። በአሮጌው «የአረብ ሰዓት» ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ይሆናል፤ ቀኑ ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል። ለሐበሻ ይህ ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱ የእኛ 12 ሰዓት በቁሙ የረጋ ሲሆን፣ የጅዳው ከፀሐይዋ ጋር በየቀኑ የሚንሸራተት መሆኑ ነው። ጅዳ ከአዲስ አበባ ይልቅ ወደ ሰሜን ስለራቀች በበጋና በክረምት መካከል የፀሐይ መውጫዋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይለዋወጣል። ስለዚህ ባለሰዓቱ መዘውሩን ደጋግሞ ማዞር ነበረበት።

በኤፕሪል 1961 የኒው ዮርክ ታይምስ ዘጋቢ ስለ ጅዳ ሲጽፍ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠሩት አየር መንገዶች ብቻ እንደሆኑ ዘገበ። የቀረው ነዋሪ ፀሐይ ስትወጣ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ግማሹ በ6፣ ግማሹ በ12። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ተባብለው ሳይገናኙ ሊውሉ ይችሉ ነበር።

የአውሮፕላኑ ሰዓት ከየት መጣ? የሳዑዲ መንግሥት ማርች 14 ቀን 1947 ከዳህራን በሪያድና በጅዳ በኩል ካይሮ የሚደርስ ሳምንታዊ በረራ ጀመረ። በረራ የጊዜ ሰሌዳ ይፈልጋል፤ ሰሌዳ ደግሞ ጅዳም ካይሮም እኩል የሚያነቡት ሰዓት ይፈልጋል። የሳዑዲን አየር መንገድ ለማቋቋም የረዳው ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው ዘመን የእኛንም አየር መንገድ እጅ ይዞ እያስነሳ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራም በኤፕሪል 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። የቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች ባለ 24 ሰዓቱን ሰሌዳ ያነበቡት ከአንድ አሠልጣኝ ነው ማለት ይቻላል።

ያ የበረራ ቀን ዛሬ በየኪሳችን አለ። የዓለም ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጋሩት የሰዓት ክልሎች መዝገብ ስለ ሳዑዲ ሲጽፍ፣ እስከ ማርች 14 ቀን 1947 ድረስ ሪያድ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ትቀድማለች ይላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ በ3 ሰዓት። ያን ቀን የታወጀ የሰዓት ሕግ የለም። መዝጋቢዎቹ አዋጅ ፈልገው ስላጡ የበረራውን ቀን ያዙ። ያንን የጅዳ ዘገባም በማስታወሻቸው አስፍረው፣ የነዋሪውን የፀሐይ ሰዓት መዝገባቸው መያዝ ስለማይችል የአየር መንገዱን ሰዓት መውሰዳቸውን ጽፈዋል። በጋዜጣ የወጣ የበረራ ዜና ሚሊዮን ሰው ሲጠቀምበት ከነበረ ልማድ በለጠ።

መዝገቡ ጅዳንም መካንም በስም አያውቃቸውም። ለአንድ ክልል ብዙ ሕዝብ ያላትን ከተማ ስለሚመርጥ የጅዳ ሰው «ሪያድ» ይመርጣል፤ በእውነተኛ ፀሐይ ግን ጅዳ ከሪያድ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ናት። አዲስ አበቤም አይስቅ፤ ዊንዶውስ ላይ የእኛ ሰዓት «ናይሮቢ» ተብሎ ነው የተቀመጠው።

1982–1989፦ ከቀኝ ወደ ግራ

በ1982 ሞሐመድ አል-ሻሪኽ የተባለ ኩዌታዊ «አል-ዓለሚያ» የሚባል ኩባንያ መሠረተ። የኩባንያው «ሳኽር» ኮምፒውተር ብዙ የአረብ ልጆች በራሳቸው ፊደል የነኩት የመጀመሪያው ማሽን ሆነ። ችግሩ ቀላል አልነበረም። የአረብኛ ፊደል እንደ ቦታው መልኩን ይለውጣል፤ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በመካከል የሚገባው ቁጥር ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አንድ መስመር ውስጥ ሁለት አቅጣጫ መሆኑ ነው። የአረብ አገሮች የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው የፊደል ኮድ በ1987 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

በዚህ መካከል በሰዓቱ መዝገብ አንድ ሙከራ ተካሄደ። መዝገቡን በ1986 የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ሲሆን፣ በአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ሠራተኛ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ለ1987፣ ለ1988 እና ለ1989 የሪያድን የፀሐይ ሰዓት የያዙ ሦስት ፋይሎች ገቡ። ፋይሉን ከፍቶ ያየ ሰው ይደነግጣል። አገሮች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ቢቀይሩ ነው፤ እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ደንብ አለ፤ ዛሬ ይህን ያህል ሰከንድ ጨምር፣ ነገ ይህን ያህል ቀንስ እያለ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። ማሽን የፀሐይን ሰዓት በግድ ሊይዝ እንደሚችል፣ ግን በብዙ መከራና በስሕተት እንደሚይዝ ለማሳየት ነበር። ፋይሎቹ በ2013 ከመዝገቡ ወጡ። በእኔ አስተያየት የአሮጌዋ ጅዳ ሰዓት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሞከረው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ማንም ሊጠቀምበት ሳይሆን አስቸጋሪነቱ እንዲታይ።

1990ዎቹ፦ የኩዌት ስሌት

«ሎኬል» የሚለው ሐሳብ በ1989 በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ደረጃ ውስጥ ገባ፤ ጃቫም በ1997 የራሱን ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት ለየአገሩ ቁጥር ሰጠ። የሳዑዲ አረብኛ 1025 ነው፤ በኮምፒውተሮች ባለ 16 መሠረት አጻጻፍ ሲታይ ቋንቋው 01፣ አገሩም 01። ከአረብ አገሮች መካከል ኢራቅ ሁለተኛ፣ ግብፅ ሦስተኛ ሆኑ። በላቲን ፊደል ተራ ቢሆን «አማርኛ» ከ«አረብኛ» ይቀድም ነበር፤ ቁጥሩ ሲታደል ግን እኛ ገና ወረፋ ላይ ስላልነበርን በኋላ የደረሰን 1118 ነው።

ቁጥሩ ተሰጠ፤ ዘመኑስ? የሂጅራ ቀን በፕሮግራም ለማውጣት ማይክሮሶፍት «የኩዌት ስሌት» የሚባል መንገድ ተጠቀመ። በ30 ዓመት ውስጥ 11 ዓመቶች 355 ቀን፣ የቀሩት 354 ቀን ይሆናሉ፤ ወሮቹም አንዱ 30፣ ቀጣዩ 29 እየተባሉ ይፈራረቃሉ። ስሌቱ የኩዌትን የጨረቃ መዛግብት አጥንቶ የተገኘ ነው ተብሎ ተወራለት። ሲመረመር ግን የመካከለኛው ዘመን የእስልምና የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ያውቁት ከነበረው የሠንጠረዥ አቆጣጠር የተለየ አልነበረም። ውድ ጥናት ተደርጎበት የጥንቱ ተገኘ ማለት ነው።

ለኮምፒውተር ይህ ስሌት ምቹ ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የዘመን መለወጫን ለሺህ ዓመት አስቀድሞ እንደሚያወጣው ነው። ጉድለቱ መካ ላይ ከታተመው መቁጠሪያ ጋር አለመግጠሙ ነበር፤ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በሁለት ይስታል። ማይክሮሶፍት መፍትሔ ያለው ተጠቃሚው ራሱ እስከ ሁለት ቀን እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ የሚያስችል ማስተካከያ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ተስተካክሎ ሌላው ሳይስተካከል ሲቀር ያው ደብዳቤ በሁለት ቀን ይወጣል። ቀን የጨመረ ሰው ደግሞ ያለፈውን ዓመት ሰነድ ሲከፍት የዚያም ቀን አብሮ ሲዘዋወር ያያል።

1999–2005፦ የመካ ሠንጠረዥ ማሽን ውስጥ ገባ

ለውጡ የመጣው ከሶፍትዌር ሰዎች ሳይሆን ከሥነ ፈለክ ሰዎች ነው። የኡሙል ቁራን መቁጠሪያ የሚያሰላው ሪያድ ያለው የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ የተባለው የምርምር ተቋም ነው። የቀድሞው ደንብ በዋናነት ጨረቃና ፀሐይ የሚገጥሙበትን ቅጽበት ብቻ ያይ ስለነበር፣ ጨረቃ ልትታይ በማትችልበት ማታ ወሩ የገባበት ጊዜ አለ። በሂጅራ 1420፣ ማለትም በ1999፣ ደንቡ ተሻሻለ። በማርች 2002 ከገባው ከ1423 ጀምሮ ደግሞ ዛሬ ያለው መልኩን ያዘ፦ በ29ኛው ቀን መካ ላይ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጨረቃና ፀሐይ ገጥመው ከሆነ፣ ጨረቃም ከፀሐይ በኋላ የምትጠልቅ ከሆነ፣ በማግስቱ አዲስ ወር ይባታል። መለኪያው ቦታ ካዕባ ነው።

ደንቡ ሲጠራ አስቀድሞ መሥራት ተቻለ፤ ፕሮግራመሮችም ቀመሩን ትተው ሠንጠረዡን ቀዱ። በኖቬምበር 2005 የወጣው፣ ዶት ኔት የተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ሁለተኛ ቅጂ የኡሙል ቁራን አቆጣጠር ለብቻው ይዞ ወጣ። ውስጡ ቢታይ የሚያስገርም ጥበብ የለበትም። ለእያንዳንዱ የሂጅራ ዓመት አንድ መስመር አለ። መስመሩ ዓመቱ በፈረንጅ መቼ እንደሚገባ ይነግርና 12 ዜሮና አንድ ይደረድራል፤ አንድ ሲሆን ወሩ 30 ቀን ነው፣ ዜሮ ሲሆን 29። መካ ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው ወረቀት እንዳለ ወደ ኮድ ተገለበጠ። ከጊዜ በኋላም «አረብኛ – ሳዑዲ» ለመረጠ ሰው ነባሪው ዘመን ይኸው ሆነ።

ሠንጠረዥ ግን ጫፍ አለው። የዶት ኔቱ ከሂጅራ 1318 ይጀምራል፤ በፈረንጅ ኤፕሪል 30 ቀን 1900 ነው። መጨረሻው መጀመሪያ 1450 ነበር፤ በኋላ እስከ 1500 ተዘረጋ፤ ያም ኖቬምበር 2077 ላይ ያልቃል። ከዚህ ውጪ ያለ ቀን ለፕሮግራሙ ቀን አይደለም። ሊያውም ፕሮግራመሮች ያልተሞላ ቀንን በዓመት 1 ጃንዋሪ 1 ብሎ የመተው ልማድ አላቸው። ስለዚህ አሜሪካም አዲስ አበባም ያለ ችግር የሠራ ፕሮግራም ጅዳ ደርሶ አገሩ ወደ ሳዑዲ ሲቀየር፣ ባዶ የተተወች አንዲት የቀን ሣጥን ስትነበብ ይቆማል። የሚያወጣው ኤረር ቀኑ ከ1900 እስከ 2077 መሆን አለበት ይላል፤ ስለ አገር ምርጫው ግን አንድም ቃል አይተነፍስም። በዚህ ኤረር ቀኑን ሙሉ የዋለ ፕሮግራመር በየአገሩ አለ።

ያው ዘመን ለእኛም የመግቢያ ዘመን ነበር። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ በሆነው በዩኒኮድ የገባው በ1999 በሦስተኛው ቅጂ ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። የኢትዮጵያ ዘመንም አይ.ቢ.ኤም. ባስጀመረውና አይ.ሲ.ዩ. በሚባለው ነፃ የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጻፈ። የእኛ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ማድረግ ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዥ እንኳ አይፈልግም። ሆኖም ዓለም በሚጋራው የአገሮች ልማድ መዝገብ ለሳዑዲ መጀመሪያ የተጻፈው የኡሙል ቁራ ነው፤ ለታይላንድ የቡድሃ፣ ለኢራንና ለአፍጋኒስታን የፋርስ። ለኢትዮጵያ የተጻፈው «ግሪጎሪያን፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያዊ» የሚል ነው። ቢሮው፣ ፍርድ ቤቱና ትምህርት ቤቱ በራሱ ዘመን የሚሠራ አገር በማሽን ዓይን ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ተቀመጠ።

2010–2016፦ ሰዓቱ፣ ቅዳሜውና ደሞዙ

በኦገስት 2010፣ በረመዳን መባቻ፣ በመካ ሐረም ፊት ለፊት የተተከለው ግዙፍ ሰዓት መሥራት ጀመረ። ሕንፃው 601 ሜትር ነው፤ የሰዓቱ ገጽ 43 ሜትር ስፋት አለው። የዓለም ሰዓት መነሻ ከግሪንዊች ወደ መካ ይዙር የሚል ሐሳብ በዚያ ወቅት ብዙ ተወራበት። ሰዓቱ ግን የሚያሳየው ያንኑ የአውሮፕላን ሰዓት ነው፤ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት የሚቀድመውን፣ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል የሆነውን።

ቅዳሜ ቸኩሎ መጣ። ሳዑዲ የምታርፈው ሐሙስና ዓርብ ነበር። ንጉሥ አብዱላህ ሰኔ ውስጥ፣ በጁን 23 ቀን 2013፣ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ይሁን ብለው አዘዙ፤ ሥራ ላይ የሚውለው በጁን 29። ምክንያቱ ባንክና ገበያ ነው፤ ከዓለም ጋር በሳምንት የሚገናኙባቸው የሥራ ቀናት አንሰው ነበር። ለመንግሥት ስድስት ቀን በቃው። ለሶፍትዌር አይበቃም። የአገሮችን ልማድ የሚሰበስበው የዩኒኮድ መዝገብ በዓመት ሁለቴ ያህል ነው የሚታደሰው፤ የታደሰው ወደ ስልክ የሚደርሰውም ስልኩ ራሱ ሲታደስ ነው። አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ቀን መቁጠሪያው ሐሙስን ዕረፍት እያለው ሥራ ገባ።

የሂጅራ ዓመት ከፈረንጁ በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ይህ ለደሞዝተኛ ደግ፣ ለከፋይ ክፉ ነው። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ በጀት ሲጠብ፣ መንግሥት ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ የሠራተኞቹን ደሞዝ ወደ ፈረንጅ ወር አዞረ፤ የመንግሥት ሠራተኛው በየዓመቱ 11 ቀን አጣ። በጀቱ ራሱ ከ1987 ጀምሮ ዲሴምበር 31 ቀን በሚከፈት የፀሐይ ዓመት ሲሠራ ስለነበር ወጪውና ገቢው በሁለት ዘመን መሄዳቸው ያን ጊዜ ቀረ። የደሞዝ ሶፍትዌር ግን ያለፈውን በአንድ፣ የሚመጣውን በሌላ ማስላት ግዴታው ሆነ።

ጅዳና መካ የሚሠሩት የእኛ ሰዎች ሦስት ዘመን ይዘው የኖሩት በዚህ መካከል ነው። ለረጅም ጊዜ የኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማብቂያ የሚጻፈው በሂጅራ ነበር። ፓስፖርቱ በፈረንጅ ነው፤ ልደቱና ሠርጉ በእኛ። ኢቃማው አንድ ዓመት ነው ብሎ በፈረንጅ የቆጠረ ሰው 11 ቀን ቀደም ብሎ ሲያልቅበት ጣጣው ከባድ ነው፤ ቅጣት አለ፣ አሠሪውም ይቆጣል። ሳዑዲዎቹም ከዚህ አልዳኑም። የልደት ቀናቸው ያልተመዘገበ በርካታ አዛውንት መታወቂያቸው ላይ ረጀብ 1 ተጽፎላቸዋል።

2014–2020፦ አንድ ስም፣ ብዙ መልስ

በማርች 2014 የወጣው ጃቫ 8 የኡሙል ቁራን አቆጣጠር ከመደበኛ ዕቃው አንዱ አደረገው። በዚያው ዓመታት ሥራው መልኩን ለወጠ፤ አንድ ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በሊኑክስ፣ በማክና በስልክ እንዲሄድ ይጠበቅበት ጀመር። ያኔ ነው ተደብቆ የኖረው ነገር የወጣው። «አረብኛ – ሳዑዲ» በየቦታው አንድ ስም ነው፤ መልሱ ግን ይለያያል። ዊንዶውስ ከራሱ መዝገብ በሂጅራ ይመልሳል። የሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት የአረብኛ የወር ስም ቢያውቅም የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ብራውዘሩ ሂጅራውንም የአረብኛውን አኃዝም ይሰጣል። ያው ደረሰኝ ከሰርቨሩ በ2019፣ ከደንበኛው ስክሪን ላይ በ1440 ይወጣል።

አኃዙ ደግሞ ለብቻው ወጥመድ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥር ሲያሳይ ለሰው ይመች ብሎ በአረብኛ አኃዝ ይጽፋል፤ ያንኑ ጽሑፍ ወደ ዳታቤዝ ሲልከው ዳታቤዙ ቁጥር መሆኑን አያውቅም። ለዓይን የሚጻፈውንና ለማሽን የሚጻፈውን ለይ የሚለው ምክር በአንድሮይድ መመሪያ ላይ ሁሉ የሰፈረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳዑዲ ውስጥ ያልሞከረ ፕሮግራመር ግን ለምን እንደተጻፈ አይገባውም።

ዊንዶውስን ከሌሎቹ ጋር ያስታረቀው በኖቬምበር 2020 የወጣው ዶት ኔት 5 ነው። ከዚያ ጀምሮ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይም ነባሪው ምንጭ አይ.ሲ.ዩ. ሆነ፤ ሁሉም ከአንድ መዝገብ መቅዳት ያዙ። እርቁ ያለ ዋጋ አልመጣም፤ የቀድሞውን የዊንዶውስ አጻጻፍ ተማምኖ የተሠራው ሁሉ መፈተሽ ነበረበት።

የጋራው መዝገብ ከሂጅራ ዓይነቶች መካከል አንዱን «የሳዑዲ ዕይታ» ብሎ ይጠራዋል፤ በምስክር የሚጸናው ማለት ነው። ስሙ አለ፤ አስቀድሞ የሚያሰላው ቀመር ግን ሊኖር አይችልም፤ ጨረቃ መታየቷን የሚያጸናውን የፍርድ ቤት ቃል ማንም ማሽን አይቀድምም። የእኛ ሰዓት ይህንን ያህል እንኳ አላገኘም። መዝገቡ አራት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ያውቃል፤ አራቱም ከእኩለ ሌሊት ይነሣሉ። ከጠዋቱ 12 የሚነሣ የለም። አዲስ አበባም ጅዳም ለሐበሻ አፕሊኬሽን የሚሠራ ፕሮግራመር ስድስት ሰዓት የምትቀንሰውን መስመር ራሱ ይጽፋታል።

2023–2025፦ ቢሮው ዘመን ሲለውጥ

በ2023 መኸር የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአልጋ ወራሹ ሞሐመድ ቢን ሰልማን ሰብሳቢነት ተቀምጦ፣ በመንግሥት ጉዳዮችና ግንኙነቶች ሁሉ የጊዜ ርዝመት በግሪጎሪያን እንዲቆጠር ወሰነ። የሸሪዓ ድንጋጌ በሂጅራ ያሰራቸው ጉዳዮች ብቻ ተለይተው ቀሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ቢሮው ከጨረቃ ዕይታ ተለይቶ ወደታተመው ሄደ፤ አሁን ከታተመው ወደ ፈረንጁ አለፈ። የቆየ ውል ግን በሂጅራ ተጽፎ አለ። ስለዚህ ሳዑዲ ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር ሠንጠረዡን መጣል አይችልም፤ ፕሮግራመሮችም ነባሪውን ሳያምኑ «አረብኛ፣ ሳዑዲ፣ በግሪጎሪያን» ብለው ሦስቱንም በግልጽ መጻፍ ለምደዋል።

በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ንጉሥ ሰልማን ለሪያል አዲስ ምልክት አጸደቁ። ምልክቱ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በዩኒኮድ 17ኛ ቅጂ ውስጥ ገባ፤ ሰባት ወር ብቻ ፈጀበት። በሱቁ የዋጋ ወረቀት ላይ ተሥሎ ሲታይ ያምራል፤ ፎንቱ ያልታደሰ ስልክ ግን በቦታው ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያል። ለዚህ ሲባል ብዙ አፕሊኬሽን ሰሪዎች ለጊዜው ያንኑ የቆየውን ዘዴ ይዘዋል፤ ከዋጋው ጎን «ሪያል» ብለው በፊደል ይጽፋሉ።